የአንዲት ጥቅል ዘፈን

እኛ ሰፈር ዘፈን አይደመጥም፣ ይተረጎማል። ቀጨኔ፣ ተሾመ ፀጉር ቤት አንድ ሰዓት ከተቀመጥክ ፀጉርህ ባይስተካከል እንኳ ፖለቲካህ ተስተካክሎ ትወጣለህ።

ሰሞኑን የያዘን የአንድ የሰፈራችን ልጅ ዘፈን ነበር። በስልኩ ቀድቶ ለቀቀው፤ በሳምንቱ ታክሲው ሁሉ እሱን ብቻ የሚያጫውት ሆነ። ስለ ሐሺሽ ሕግ ነው። «አንዲት ጥቅል በኪሱ፣ ሦስት ዓመት በራሱ» ይላል። ቀጥሎ ደግሞ «ሻጩ ደጅ ቆሞ፣ ልጁ ወህኒ ከርሞ»። ከዚህ በላይ ምን ይብራራል? ግን ግልጽ ነገር እኛን መቼ አጥግቦን ያውቃል? ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን።

ተሾመ ምላጩን እንደያዘ ጥቅሏ ሀገር ናት አለ። ባለሱቁ ሙዲን የለም፣ የኑሮ ውድነት ናት አለ። ታዲያ ኪስ ውስጥ ምን ትሠራለች ቢሉት፣ ኪሳችን ውስጥ ሌላ ምን ቀረ ብሎ መለሰ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ፍርድ ቤት ደጅ ማመልከቻ ስጽፍ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ሕግ ያውቃል እባላለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ሻጩ የተባለው ያው የምታውቁት ሰው ነው አልኳቸው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ላንተ ልንገርህና፣ ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

በነጋታው እትዬ ዘነበች መጡብኝ። ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ እጃቸው ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። ዘፈኑ የተዘፈነው ለልጃቸው ለቢኒያም ነው፤ ዘፋኙ አብሮ አደጉ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ትርጉም ላይ ስንጠመድ ረሳነው እንጂ። ቢኒያም ከታሰረ ዓመት ሊሞላው ነው። የይቅርታ ማመልከቻ ጻፍልኝ፣ ጸባዩን የሚያውቁ አሥር ጎረቤቶች ከፈረሙበት ይታይልሻል ተብያለሁ አሉኝ።

ጻፍኩላቸው። አልዋሽህም፣ አሳምሬ ነው የጻፍኩት። ግን ፈርምበት ሲሉኝ ጸሐፊ አይፈርምም አልኳቸው። ወረቀቱን ይዘን ፀጉር ቤት ገባን። ተሾመ ምላጩን መጥረግ ጀመረ፤ ጠረገው፣ ጠረገው፣ አላልቅ አለው። ሙዲን ልጁን እ... ማለቴ፣ በደንብ አላውቀውም አለ። ቢኒያም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዳቦ የሚገዛው ከእሱ ነው።

እትዬ ዘነበች አልተቆጡም። ትናንት በደጅ ሳልፍ ዘፈኑን ስትተረጉሙ ሰምቻችኋለሁ አሉ። ደግ ትናገራላችሁ፤ ሀገርም አለበት፣ ኑሮም አለበት፤ ልጄን ግን የት አደረጋችሁት አሉን።

አፈርኩ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው አቤቱታ ስጽፍ የራሴን ስም ከሥሩ አስቀምጬ አላውቅም። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ፈረምኩ።

ወረቀቱን ተሾመ መስታወት ሥር ተውነው፣ ሐሳቡን የሚቀይር ካለ ብለን። ይኸው ሳምንቱ ነው። ትናንት ልስተካከል ስሄድ በር ላይ ስሜ ሲነሳ ሰማሁና ቆም አልኩ። ፊርማዬን እየተረጎሙት ነው። ተሾመ ከጀርባው ሰው አለ ይላል። ሙዲን ለምርጫ ሊወዳደር አስቦ ነው ይላል። አንዱ ደግሞ ጫፏ ላይ ያለችው ጥምዝ መልእክት አላት ብሎ ይምላል።

ገብቼ ወረቀቱን አየሁት። ፊርማው ያው አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን አሥር ሞልቷል።