ማክሰኞ ዋስ የለውም

የትም አገር ሂዱ፤ ምርጫ በሚደረግበት መንደር ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፦ ድምፁን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ሰጥቶ ሲያበቃ፣ ገና ያልሰጠውን ሁሉ እንቅልፍ የሚነሳ። የእኛዋ ታማራክ ስድስት መቶ አርባ ነፍስ ያላት ትንሽ ከተማ ናት፤ ይህንንም ማዕረግ ለሃምሳ አንድ ዓመት ያለ ተቀናቃኝ ይዘውት የኖሩት ክብርት ወይዘሮ አርዲስ ቶለፍሰን ናቸው።

እኔ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ነኝ። የትምህርት ቤቱንና የመንገዱን ጉዳይ የሚያዩትን ሰዎች የምንመርጠው በረዶው ሊቀልጥ ሲል፣ በአንድ ማክሰኞ ነው። ሥራ የያዘው፣ መንገድ የሚሄድ ወይም ጉልበቱ የደከመ ሰው ግን ማክሰኞን ለመጠበቅ አይገደድም። የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ቤት በኩል እቤቱ ይላክለታል፤ ካሻውም ከምርጫው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ማዘጋጃ ቤት ብቅ ብሎ ይሰጣል። ይህን የሚገልጸውን ማስታወቂያ በየዓመቱ በራችን ላይ እለጥፋለሁ። ቆሞ ያነበበው ሰው አይቼ አላውቅም። እትዬ አርዲስ እያሉ ምን ሲባል!

«ማክሰኞ ዋስ የለውም!» ይላሉ። «በረዶ ቢጥልስ? መኪናህ አልነሳም ቢልስ? ወገብህን ቢይዝህስ?» ይህንኑ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይሉታል፤ ዓርብ ማታ ዓሣ በሚጠበስበት አዳራሽ ይሉታል። አንድ ጊዜማ የጥርስ ሐኪሙን፣ ሁለት እጁ አፋቸው ውስጥ እያለ፣ ብለውታል። ሐኪሙ የተረዳው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ በማግስቱ ግን መጥቶ ቅጽ ሞላ። ብርዱን ሸሽተው አሪዞና የሚከርሙትን ባልና ሚስት ደግሞ ስልክ እየደወሉ፣ «ፀሐዩ ጭንቅላታችሁን መታው እንዴ? ወረቀቱ የታለ?» እያሉ መዝናናቱን መርዝ ያደርጉባቸዋል።

ከርሚት ብሩዜክ የሚባል የወተት ላሞች ያሉት ጎረቤት አላቸው። አንድ ዓመት ላም እያለበ ሳለ እበረቱ ድረስ ሄዱበት።

«እትዬ፣ ስድሳ ላም አለብኝ። በየት ጊዜዬ ልምረጥ?»

«ላሞችህ የሚታለቡት ማክሰኞ ብቻ ነው?»

«ሁልጊዜ ነው እንጂ!»

«እንግዲያው ሁልጊዜ ምክንያት አለህ ማለት ነው። እንካ፣ ፈርም። ላሚቱን እኔ እይዝልሃለሁ።»

እውነትም እስኪፈርም ድረስ ጅራቷን ይዘው ቆሙ።

ዋናው ስብከታቸው ግን ስለ ምስክር ነው። በእኛ ግዛት ሕግ፣ እቤቱ ሆኖ የሚመርጥ ሰው ወረቀቱን የሚሞላው ምስክር ባለበት ነው። ምስክሩ አጠገቡ ይኑር እንጂ ማንን እንደመረጠ ማየት የለበትም። በመጨረሻም ፖስታው ጀርባ ላይ ይፈርማል፤ የምስክር ፊርማ የሌለበት ድምፅ አይቆጠርም። በታማራክ ብቻውን ለሚኖር ሰው ሁሉ ምስክሩ እትዬ አርዲስ ናቸው። መቀመጫ ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጡና፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «ቶሎ በል፣ አንገቴን አመመኝ» ይላሉ።

ለእሳቸው ደግሞ ምስክራቸው ባለቤታቸው ጋሽ ማይሎ ነበሩ። እትዬ አርዲስ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን ሲሞሉ፣ ጋሽ ማይሎ ጀርባቸውን ሰጥተው በመስኮቱ ጣፋጭ ፈሳሽ የሚሰጡትን የሜፕል ዛፎቻቸውን ያያሉ። ሲጨርሱ ፖስታውን በጠረጴዛው ላይ ገፋ ያደርጉላቸዋል፤ ጋሽ ማይሎም ዞረው ይፈርማሉ። ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ማን ማንን እንደመረጠ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተጠያይቀው አያውቁም።

ጋሽ ማይሎ ባለፈው ኅዳር አረፉ።

ዘንድሮም እንደ ልማዱ መጀመሪያ የደረሰኝ ፖስታ የእትዬ አርዲስ ነበር። ገልበጥ አደረግሁት። እንደ ሐረግ የተጠማዘዘች ፊርማቸው አለች። የምስክሩ ቦታ ባዶ ነው።

ሦስት ጊዜ አየሁት። እኔ ልሙላው ብል ወንጀል ነው፤ ዝም ብል ደግሞ አንድም ምርጫ አምልጧቸው የማያውቀው ሴት ድምፅ ተጥሎ ሊቀር ነው። ሄጄ መናገሩም ቢሆን አገሩን ሁሉ ያስተማረ የኔታን «ፊደል ስተዋል» እንደ ማለት ነው። የሆነው ይሁን ብዬ በጭቃው መንገድ እየዳከርሁ ቤታቸው ደረስሁ።

«እትዬ፣ ፖስታዎ ላይ ምስክር የለም።»

«መነጽርህን ጥረግ፣ አንተ ልጅ።» አንተ ልጅ የተባልሁት በሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

«ጠርጌዋለሁ።»

ፖስታውን ነጥቀው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት፤ ባዶውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሞልቼ ጨረስሁና» አሉ በመጨረሻ፣ «ወደ እሱ ወንበር ገፋሁት። ጠዋት ከዚያው አንስቼ ፖስታ ቤት ወሰድሁት።»

«ከእኔ ማንም አይሰማም» አልሁ።

«ለምን አይሰማም? ይስማና ይማርበት!»

ለተበላሸ ፖስታ አዲስ ወረቀት ይሰጣል፤ ይዤላቸው ነበር። «ምስክር እኔ ልሁንዎ?» ብላቸው፣ «ዙር እንግዲያ» አሉኝ።

በጋሽ ማይሎ ወንበር ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥሁ። ከመስኮቱ ማዶ፣ በየሜፕሉ ግንድ ላይ በተንጠለጠሉት ባልዲዎች ውስጥ ጣፋጩ የዛፍ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ከኋላዬ የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማኛል።

«በመስኮቱ መስታወት እያየኸኝ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ማይሎ በመጀመሪያው ዓመት ሞክሯት ነበር። በማንኪያ ነው ጆሮውን ያልሁት።»

ጥቂት ቆይቶ ፖስታው በጠረጴዛው ላይ ተንሸራትቶ ክንዴን ነካኝ። ዞሬ ፈረምሁ። እትዬ አርዲስ ፊርማዬን መረመሩት።

«ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ይሁን፣ ይቆጠራል። አንተስ ድምፅህን ሰጠህ?»

«እኔማ ማክሰኞ እዚያው ስለምውል...»

ዓይናቸውን ሳይ አልጨረስሁትም።

«ሂድና ወረቀትህን አምጣ!»

ማክሰኞ ዕለት እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ ጣለ። ማዘጋጃ ቤት መድረስ የቻለው መራጭ አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ግን ቀድመው የገቡ ሁለት መቶ አርባ ሦስት ፖስታዎች ተደርድረዋል። እትዬ አርዲስ እዚያ ምንም ጉዳይ ባይኖራቸውም በከርሚት ትራክተር መጥተው፣ ትራሳቸው ላይ ተቀምጠዋል። «አላልሁም?» አላሉም፤ ፊታቸው ብሎላቸዋል።

እንደ ደንቡ አስመራጯ የመጀመሪያውን ፖስታ አንስታ ጮክ ብላ አነበበች።

«አርዲስ ቶለፍሰን፤ ቁጥር አንድ።»

ከርሚት ቆቡን አወለቀ። እትዬ አርዲስ አገጫቸውን ቀና አድርገው ፊት ለፊት ብቻ አዩ። በሃያ ሁለት ዓመት ጸሐፊነቴ ስንት ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ፤ ደረቴን የነፋሁት ግን በዚያች የዶሮ ጭረት ነው።

ቁጥር ሁለት የእኔ ስም ተጠራ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማክሰኞን የቀደምሁት፣ በዚያ ወጥ ቤት፣ ምስክሬ ወደ ሜፕሎቹ ዞረው «ቶሎ በል፣ አንገቴን አመመኝ» እያሉኝ ነው።