ሰባት ሰረዝ የበቀለበት ስም

ኮምፒውተር ብልህ ነው ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል! አንዲት ጭረት የምታደናብረው ግትር ፍጡር ነው። እመኑኝ... ሶዶ ውስጥ ለአንድ የግል ኮሌጅ የመመዝገቢያ ድረ ገጽ የሠራሁት ጉደኛ እኔው ነኝ።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር፤ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። አራት ሰዓት ገደማ ሬጅስትራሯ ወይዘሮ አልማዝ የቢሮዬን በር በርግዳ ገባች።

"ያንተ ጉድ ባዶ ገጽ እያሳየኝ ነው! ይቺ ልጅ ሲስተም ውስጥ ካልገባች አልመዘግባትም!"

ከኋላዋ ማርታ የምትባል ወጣትና አባቷ ቆመዋል። አባትየው አቶ ሎኢሶ ተበላ ከተማ ላይ ወላይትኛ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው። ስማቸው በላቲን ፊደል ሲጻፍ መሃሉ ላይ ጭረት አለችው፦ Lo'iso።

ነገሩ ገባኝ። ኮምፒውተሩ ስምን የሚያውቀው በሁለት ጭረቶች መካከል ሲታጠር ነው። የአቶ ሎኢሶን ጭረት ሲያይ "ስሙ እዚህ አለቀ" ብሎ የቀረውን አላውቅም አለ።

"ጋሼ፣ ይቺን ጭረት ብናወጣትስ?" አልኩ ለዘብ ብዬ።

አቶ ሎኢሶ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጭረቷ እኮ ድምፅ ናት! ጉሮሮ ቆም ይላል፤ ሎ... ኢሶ። ተማሪ ሲረሳት ኤክስ የማደርግባትን እኔው ልርሳት?"

አፈርኩ። መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ከጭረቷ በፊት አንድ ያጋደለ ሰረዝ ማስቀመጥ። ያኔ ኮምፒውተሩ "ለካ የስሙ አካል ናት" ብሎ ያልፋታል። ድረ ገጹን የሚያሠራው ዋናው ማሽን፣ ሰርቨሩ፣ ራሱ ሰረዙን እንዲጨምር አዘዝኩት። ወይ ፍንክች! ጨነቀኝና ሰረዙን የሚጨምር ሌላ ትእዛዝ በእጄ ጻፍኩ። ለማንኛውም ብዬ ማሽኑንም አጥፍቼ አበራሁት።

ተመዘገበች! በኩራት ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞርኩት። Lo\'iso ይላል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ አቶ ሎኢሶ።

"ይስተካከላል" ብዬ እንደገና ሴቭ አደረግኩት። ሦስት ሰረዝ ሆነ። አሁንም ሴቭ... ሰባት! ወገኖቼ፣ ሰባት ሰረዝ ተሰልፎ ስክሪን ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

"ወንድሜ" አሉ አቶ ሎኢሶ፣ "ስሜን ጻፍልኝ አልኩህ እንጂ አጥር እጠርልኝ አልኩህ?"

ወይዘሮ አልማዝ ሰዓቷን አየች። "አምስት ተኩል።"

ማርታ ጠጋ አለች። "ጋሼ፣ አንተ የምትጨምረው ስንት ነው?"

"ለአንዷ ጭረት አንድ ብቻ።"

"ታዲያ ሌላውን ማን ነው የሚጨምረው?"

ደነገጥኩ። ለካስ እምቢ ብሎኝ የነበረው ሰርቨር ጠፍቶ ሲነሳ ትእዛዜን ተቀብሏል! እሱ ይጨምራል፣ እኔም በላዩ እጨምራለሁ፤ ሴቭ ባደረግኩ ቁጥር ሰረዙ ይዋለዳል። የእጄን ትእዛዝ አጥፍቼ ስሙን ከነጭረቷ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ንጹሕ! አቶ ሎኢሶ ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብለው እንደ ተማሪ ደብተር ፊደል በፊደል አረሙትና በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ወይዘሮ አልማዝ ማህተሟን አሳረፈች። እኔም ከውርደቴ ልነሳ ብዬ፣ "ማርታ፣ ለምን የኮምፒውተር ትምህርት አትመርጪም? እኔ ነኝ የማስተምረው" አልኳት።

አቶ ሎኢሶ አንዴ እኔን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ።

"ግቢ ልጄ" አሏት፤ "ቀስ እያልሽም ታስተምሪዋለሽ።"