የሊቀመንበሩ እግር

የገና ጨዋታን ረስቼዋለሁ የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አፉን ተዉት፤ እግሩን እዩት።

በደርግ ጊዜ የብቸናው ቀበሌያችን ሊቀመንበር እንዲያ ያለ ሰው ነበር። በልጅነቱ በገና ሜዳ ሩር የምትባለውን ኳስ በዱላ እንደ እሱ የሚመታ አልነበረም፤ ሥልጣን ሲይዝ ግን ጨዋታውን «ኋላ ቀር ነው» ብሎ ከለከለ፤ በበዓሉ ዕለትም ሁላችንንም ስብሰባ ጠራን። እንዲህ ከቀረ ልጆቻችን ከማን ሊማሩት ነው? ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ ግን ቆርጠው መጥተው ነበር። «መፈክር የሚያሰማ!» ሲባል ተነሡና የገና ጨዋታን ዜማ ለቀቁት፦

«ገና ይቅር ያለው ጓዳችን ምን ነካው፣
ሩሯን ሲስታት ነው ዱላውን የጠላው።»

በገና ጨዋታ ጌታም ይሰደባል፤ ጓድስ ይሰደባል?

«እትዬ፣ ይቀመጡ፤ ያስሩዎታል!» ብዬ ነጠላቸውን ጎተትኩ።

«ይሰሩኝ፤ አልቀመጥም» ብለው ደገሙት።

ያኔ የሊቀመንበሩን እግር አየሁ፤ ከጠረጴዛው ሥር ዜማውን እየመታ ነበር። የተሰደበ ተጫዋች ደግሞ መልስ ሳይሰጥ አይውልም።

«እኔ ነኝ ሩር የምስት?» ብሎ ብድግ አለ። «ዱላ አምጡ! ስብሰባው ሜዳ ላይ ይቀጥላል።»