የጾመው ኦርኬስትራ

«ልጄ፣ የሚጾመው ሆድ ብቻ አይደለም፤ ጆሮም ይጾማል።»

ይህን ያሉኝ አጎቴ መሪጌታው ናቸው። ያኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ በሁዳዴ ውሃ ስቀዳ ሳንጎራጉር ሰምተውኝ ነው። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ላሊበላ ላይ ሁዳዴ ሲገባ የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ራሱ ዝም ይላል። ከበሮው ከጾመ ሰው ምን ቆርጦት ይዘፍናል? እኔ ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ አቋርጬ ትዳር ያዝሁ፤ ይቺ ቃል ግን አብራኝ ዘለቀች። ለሌላም ሰው አስተላለፍኋት። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ኦርኬስትራችን የተወለደው በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እንግዳ እንደ ጎርፍ በሚመጣበት ዘመን ሥራ አስኪያጁ ፈረንጁን በዘፈን ተቀበሉልኝ ብሎ ማሲንቆ፣ ክራርና ከበሮ ገዛ። ማሲንቆውን ዘበኛው ጋሼ ታዬ፣ ክራሩን አስተናጋጁ ደሳለኝ፣ ከበሮውን ወጥ ሠሪዋ እትየ አልማዝ ያዙ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ይመር ዋሽንቱን ይዞ ተጨመረ። አንሶላ አጣቢዋ እኔ፣ ድምፄ ስለማይሰማ፣ አጨብጫቢ ሆንሁ። በኋላ በሽታው መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ እንግዳው ቀረ፣ ሥራ አስኪያጁም ወደ መጣበት ሄደ። ኦርኬስትራው ግን ተበተን ያለው ሰው ስላልነበረ አልተበተነም።

ይህ ሲሆን ጋሼ ታዬ ልጃቸውን ለፍላቂት ሰው ሊድሩ ሆነ። ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። የሙሽራው አባት የታወቁ የገብስ ጌታ ናቸው፤ «ዘበኛ ደግሞ ምን ሊደግስ ነው» ማለታቸው ሚኒባስ ተሳፍሮ ላሊበላ ደረሰ። ጋሼ ታዬ «በሬ ባይኖረኝ ኦርኬስትራ አለኝ» ብለው መለሱ፤ መልሱም በዚያው ሚኒባስ ተመለሰ። የሰውዬው ክብር እኛ እጅ ላይ ወደቀ።

ችግሩ፣ የመለማመጃው ጊዜ ሁዳዴ ነበር። በዓመት አንዴ አፌን ብከፍት «ጆሮም ይጾማል» አልኋቸው። ሁሉም ተስማሙ። እናም ሃምሳ አምስት ቀን ያለ ድምፅ ተለማመድን። ጋሼ ታዬ ደጋኑን ከማሲንቆው ጭራ አንድ ጣት አርቀው አየር ይገዘግዛሉ። ደሳለኝ ክራሩን ሳይነካ ጣቱን ያርመሰምሳል። ይመር ዋሽንቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ይውጣል። እኔ መዳፎቼን አቀራርቤ፣ ሳይነካኩ እመልሳለሁ። ልጄ ጀርባዬ ላይ እንቅልፏን ትለጥጣለች። አጎቴ አንድ ቀን ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ቢያዳምጡ ምንም አልሰሙም፤ ገብተው ባረኩን። እትየ አልማዝ ደግሞ የዘፈን ስም መጥራትም መዝፈን ነው ብላ ደነገገች፤ ስለዚህ የምንጫወታትን ዘፈን «ያችን» ብቻ እንላት ጀመር። ያችን ጀምሯት። ያችን ድገሟት። እንደ ወታደር አንድ ላይ ጀምረን አንድ ላይ እናቆም ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ግን አንድ ነገር አየሁ። የጋሼ ታዬ ክንድ እንደ አልቃሽ ቀስ ብሎ ይጎተታል፤ የደሳለኝ ጣት እንደ ፍየል ግልገል ይዘላል። ባንድ ጊዜ የሚያስለቅስም የሚያዘልልም ዘፈን ደግሞ የለም። ልናገር አልሁና ዋጥሁት። የዓመቱን ተናግሬ ጨርሻለሁ።

የሠርጉ ቀን ዳሱ ጢም አለ። የሙሽራው አባት የዝንብ ጭራቸውን ይዘው ፊት ተቀመጡ። ጋሼ ታዬ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ባንድ ላይ ጀመርን። ማሲንቆው ሙሾ ያወርዳል። ክራሩ እስክስታ ይጠራል። ዋሽንቱ የጠፋች ላም ይፈልጋል፤ ከበሮው ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር ያወርዳል። ልጄ ባንና ጮኸች። ማንም ግን አላቆመም፤ ሃምሳ አምስት ቀን ያጠናነው እሱን ነዋ። ከዚያ እንደ ልማዳችን ባንድ ላይ አቆምን። ጋሼ ታዬ ቀና ብለው ሰው ማየት አቃታቸው።

የሙሽራው አባት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኛ ዘንድ አዝማሪ ዘፈኑን አንድ በአንድ ነው የሚጫወት» አሉ። «አራቱን ባንድ ጊዜ ሲያስኬዱት ገና ዛሬ አየሁ። አቶ ታዬ፣ ለቅልቅሉ ፍላቂት ይዘዋቸው ይምጡ። ይህንኑ ታዲያ፤ እንዳይቀይሩብኝ።»

ዘበኛ ያሉትን ሰው «አቶ» ብለው «ይምጡ» ማለታቸውን ዳሱ ሙሉ ሰማ።

ሰኞ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ማሲንቆው ክራሩን፣ ክራሩ ከበሮውን ሲወቅስ ዋለ። ጋሼ ታዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ፣ እጃችንን ስታዪ ነበር። አላወቅሽም?»

«ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ አውቄያለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ጾም ነበራ።»

ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ከዚያ እስቲ አንዲት ዘፈን መርጠን በወጉ እንሞክር ተባለ፤ ሞከርን፤ ሳናስበው ገጠመልን። ሁላችንም ደነገጥን። ፍላቂት የጠየቀን ይህን አይደለም። እኔም ከይመር ኪስ የልብስ ማስመሪያ ጠመኔውን ወስጄ፣ በሩ ጀርባ ላይ እያንዳንዱ ሰው በሠርጉ የተጫወተውን ዘፈን ከስሙ ጋር ጻፍሁ፤ ማንም ተሳስቶ የሌላውን እንዳይጫወት።