ማን ቀረ?

ለቅሶ የማያመልጣት ሴት የሌለችበት አገር የለም። ካለም ሰው የማይሞትበት አገር ነው። በቢቸና ይህን ሹመት ይዘው የኖሩት ወይዘሮ ሀብትነሽ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም፤ የሚሽራቸውም አልነበረም። መርዶ ነጋሪው ገና ከቤቱ ሳይወጣ እሳቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሟች ደጅ ይገኛሉ። አንድ ጊዜ አገሩ እንኳ የማይታወቅ መንገደኛ ሞቶ “የናቱ ልጅ! የናቱ ልጅ!” እያሉ ደረታቸውን ሲመቱ፣ ቀባሪው ሁሉ እናቱ መስለውት እሳቸውን ሲያጽናና ዋለ።

የሚያስፈራው ግን ከቀብር መልስ ነው። ሰዉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮው በሰፌድ ሲዞር፣ ወይዘሮ ሀብትነሽ ዓይናቸውን ከዳር እስከ ዳር ይወረውሩና “ማን ቀረ?” ይላሉ። የአውራጃውን ገዥ ያልፈራ ጎበዝ ይህችን ጥያቄ ይፈራ ነበር። አሞኝ ነው ማለትም አያዋጣም። “አሞህ ከሆነማ መጠየቅ አለብህ” ብለው ይመጡና እስኪመሽ አይነሡም።

የዘወትር ቀሪው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ውበቴ ነበር።

“አንተ ልጅ፣ ስትሞት ማን ይመጣልሃል?” ይሉታል ባገኙት ቁጥር።

“እሜቴ፣ የኔ ሥራ ሰው እንዳይሞት ማድረግ ነው።”

“ታዲያ ሲሞትብህስ ለምን አትመጣም?”

ውበቴ ይህን ሲሰማ ቦርሳውን አንሥቶ ወደ ጤና ጣቢያው ይገሰግሳል።

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ኮሌራ የዓባይን ድልድይ ተሻገረ ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ቢቸና ገባ። ጠዋት ገበያ የወጣ ሰው፣ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ውሎ፣ ማታ ዓይኑ ጎድጉዶ ይገኛል። ውበቴ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉን ከጊዮርጊስ ደጃፍ ሰብስቦ፣ ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ ሬሳ የሚሸኙ ጥቂት ጎልማሶች ብቻ ይሁኑ፣ ድንኳን አይተከል አለ። “ባንድ ሰፌድ ንፍሮ ስንት እጅ ይገባል? በሽታው የሚዞረው ከንፍሮው ጋር ነው።”

ወይዘሮ ሀብትነሽ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ። “ሰው እንደ ውሻ ይጣል ነው የምትለው?”

በማግስቱ ይርጋነሽ የምትባል ጠላ ሻጭ ሞተች። ወይዘሮ ሀብትነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። በመንገዳቸውም ጎረቤታቸውን ወለተ ገብርኤልን፣ ሠላሳ ዓመት አብራቸው እሳት የተጫጫረችውን ወዳጃቸውን፣ “ነይ ተነሽ! ትቀሪያለሽ እንዴ?” ብለው ከቤቷ አስወጧት። ድንኳን ተተከለ፤ ንፍሮውም ዞረ።

ሳምንቱ ሳይወጣ ወለተ ገብርኤል ታመመች፤ ሞተች።

የሚሸኟት ጎልማሶች ይዘዋት ሲያልፉ ወይዘሮ ሀብትነሽ ከደጃቸው ላይ ተቀምጠው አዩ። “እኔ ነኝ የገደልኳት” አሉ፤ ባላቸው አቶ ፋንታ ከውስጥ ሰምተው ወጡና ከጎናቸው ተቀመጡ።

ያን ጊዜ ልጅነታቸው ትዝ አላቸው። የተወለዱት ሞጣ ነው። በኅዳር በሽታ ጊዜ እናታቸው ሲሞቱ ደጅ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ትንሿ ሀብትነሽ ከሬሳው ጋር ብቻዋን ተቀምጣ ሳለች፣ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ድምፅ ሰማች። ጎረቤታቸው ነጋዴው ከሊፋ ነበር። “አይዞሽ ልጄ! አልቀረሁም፤ እዚህ ነኝ!” አላት። አጥሩን ሳይሻገር፣ ቀባሪ እስኪመጣ ድረስ እዚያው ቆሞ አለቀሰላት። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ሀብትነሽ የማንንም ለቅሶ ቀርተው አያውቁም፤ የሳቸው ቀን ሲመጣም ያ ዝግ ደጅ እንዳይደገም አጥብቀው ይፈሩ ነበር።

ተነሡ። ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ወጡና ባለ በሌለ ድምፃቸው ጮኹ፦ “ወለተ ገብርኤል ሄደች! ከደጃችሁ ሳትወጡ አልቅሱላት! ማን ቀረ?”

ከዚያ ከታች ካንዱ ግቢ “አልቀረሁም!” የሚል ተሰማ። ከገበያው በኩልም፣ ከእስላም ሰፈርም፣ ከጊዮርጊስ ሥርም “አልቀረሁም! አልቀረሁም!” አለ። መንደሩ ሁሉ በየደጁ ቆሞ አለቀሰ።

የዚያ ሰሞን ለቅሶ እንዲህ ሆነ። ወይዘሮ ሀብትነሽ እንደ ቀድሞው የቀረውን ሳይሆን ከደጁ የወጣውን መቆጣጠር ያዙ። “ግባ አንተ! እንባህ ከደጅህ አይወርድም?” እያሉ ስንቱን ሽማግሌ በድንጋይ መለሱት። ድሬሰር ውበቴም ይህን እያየ ፈገግ ይል ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በሽታው አቶ ፋንታን ያዘ። ውበቴ ጨውና ስኳር በጥብጦ ሲያጠጣቸው አደረ፤ አልሆነም፤ ጎህ ሲቀድ ሞቱ። ጎልማሶቹ ይዘዋቸው ወጡ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ያስታመሙ ስለሆኑ ከቤት እንዳይወጡ ተከለከሉ። ይህን ሕግ ለሌላው ሲያስከብሩ ከርመዋልና አልተከራከሩም። በሩ ሥር ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ጉብታው አቀኑ። ጉብታው ባዶ ነው፤ የሚጮኸው ሰው እሳቸው ነበሩ። “ፋንታዬ፣ እንደ እናቴ ሆንክብኝ” አሉ።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ከላይ አንድ ሻካራ ድምፅ መጣ። ለቅሶ ያልለመደ ሰው ድምፅ ነው፤ ዜማው የገበያ ለፋፊ ይመስላል።

“አቶ ፋንታ ሄዱ! ከደጃችሁ አልቅሱላቸው! ማን ቀረ?”

መንደሩ መለሰ። ወይዘሮ ሀብትነሽ እያለቀሱም ቢሆን ልማድ ነውና ድምፁን ሁሉ ለዩት፤ የወለተ ገብርኤል ልጆችም ከመካከሉ ነበሩ። ጩኸቱ ሲበርድ የበሩን መቃን ይዘው ቆሙና ወደ ጉብታው ተጣሩ።

“ድሬሰር!”

“አቤት፣ እሜቴ!”

“ለቅሶ አትችልበትም።” ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ጨመሩ። “ግን አልቀረህም፣ ልጄ።”