ለሁለት ሰው የሚበቃ አሣ

ጤና ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ ዳማከሴ ጨምቀሽ ጠጪ ይላል፤ ሌላው ጠበል ተጠመቂ ይላል፤ ሦስተኛው ባል አግቢ ይልና ይስቃል። ጤና ሲመለስ ደግሞ ያ ሁሉ መካሪ ዝም ብሎ ይሰነብትና «ምን በልታ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እናንተም ብትሆኑ መጠየቃችሁ አይቀርም። በደህና ዘመን ጥያቄው ቢበዛ ቅናት ነው። እኔ በዳንሁበት ዘመን ግን ጥያቄው ተነሥቶ ቀበሌ ይሄድ ነበር።

ያኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ከጣና ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። ሥራዬ መቀመጥ ነው። ሃያ ዓመት ስቀመጥ ኖሬ፣ ከወንበር ለመነሣት ጠረጴዛ መደገፍ ጀምሬ ነበር። ምሳዬ ሻይ በዳቦ፤ እራቴ ከምሳ የተረፈው ዳቦ።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ክንዴን እንደ ገበያ ዶሮ ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ አየና «ጡንቻዎ አልቋል» አለኝ። «አሣ ይብሉ፣ እንቁላል ይብሉ፣ ምስር ይብሉ። ከዚያም በየቀኑ ከባድ ነገር ያንሡ፤ በጥቂቱ ጀምረው እየጨመሩ።»

ይህን ለጎረቤቴ ለጥሩወርቅ ነገርኋት። ጥሩወርቅ ከሰባታሚት በኩል እንጨት በጀርባዋ እያመጣች የምትሸጥ ሴት ናት፤ የሰማችኝም ሸክሟን ሳታወርድ ነው።

«ሸክም በሐኪም ትእዛዝ?» አለች። «እቴ፣ ለካ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት መድኃኒት ስወስድ ነው የኖርሁት። በይ አሣውን ብቻ ላኪልኝ።»

ከእናቴ የወረስሁት የወፍጮ መጅ ነበረኝ፤ ያ በእጅ የሚገፋው የላይኛው ድንጋይ። ሰው አይቶ እንዳይስቅብኝ ከሥራ ስመለስ በሬን እዘጋና ከወለል እስከ አናቴ አነሣዋለሁ፤ እያነሣሁም ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። መጀመሪያ ቀን አራት ጊዜ አንሥቼ ተቀመጥሁ። በሦስተኛው ወር ሃያ ደረስሁ። ሐይቁ ዳር ካሉት አሣ አጥማጆች በየቀኑ ሁለት አሣ እገዛለሁ፤ ሁለቱንም እጨርሳለሁ።

ወጉ እንዳይከብድ ብዬ አንድ ነገር ልዘልል ነበር። አልዘልለውም። ሐኪም ቤት ከመሄዴ ሁለት ሳምንት በፊት፣ በምሳ ሰዓት፣ ስንዱ በሬን አንኳኳች። ስንዱ መሥሪያ ቤት ከጎኔ ስድስት ዓመት የተቀመጠች ባልደረባዬ ናት። ከሚፈለጉት ሰዎች ጋር ስሟ ተጽፎ፣ ከሥራ ከጠፋች ቀናት ሆኗት ነበር።

«እትዬ የሺ፣ ሁለት ቀን ብቻ» አለችኝ። «ወደ ደልጊ የሚሻገር ጀልባ እስካገኝ።»

እኔም በሩን ገርበብ አድርጌ እንደያዝሁ «ታምሜያለሁ እኮ ስንዱ፤ ራሴንም አልቻልሁ። ቤቱም ጠባብ ነው» አልኋት።

«እግዜር ይማርሽ» ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ የት እንደ ደረሰች የሚነግረኝ አላገኘሁም።

እንግዲህ መጁን ሃያ ጊዜ ማንሣት በጀመርሁ ሰሞን፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ በሬ ተደበደበ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ አለሙ፣ ጠብመንጃ ከያዙ ሁለት ጠባቂዎች ጋር ገባ።

«የት አለ?»

«ማን?»

«የሚበላው።»

ነገሩን ሁሉ አጥንተውታል። አንዲት ነጠላ ሴት በቀን ሁለት አሣ ትገዛለች፤ አጥንቱን ከቆሻሻ መጣያዬ ቆጥረውታል። በተዘጋ በር ውስጥ ቁጥር ስትጠራ ይሰማል፤ ከዚያ ዱብ የሚል ድምፅ አለ፤ የጽሑፍ ማባዣ መኪና ሳይሆን አይቀርም። ከእኛ ሰፈር ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስደው ያልተመለሱ አሉ።

«የምበላው እኔ ነኝ» አልሁ። «ድምፁም የዚህ ድንጋይ ነው። ሐኪም አዝዞኝ አነሣዋለሁ።»

ጓድ አለሙ መጁን አየ፤ እኔን አየ። «ስንት ጊዜ?»

«ሃያ።»

«አንሺው።»

አነሣሁ። እስከ አሥር ደህና ነበርሁ። አሥራ ሁለት ላይ ድንጋዩ ከበደኝ፤ ትናንት ያው ድንጋይ አልከበደኝም። አሥራ አምስት ላይ ላቡ ዓይኔን ጋረደው። ካቆምሁ ውሸታም ነኝ፤ ውሸታም ከሆንሁ ደግሞ እነዚያ አሣዎች የሌላ ሰው ናቸው። ሕይወቴ በአምስት ማንሣት ላይ ቀረች። አሥራ ስድስት። አሥራ ሰባት። ሃያ ላይ ስደርስ ከጠባቂዎቹ አንዱ ሳያውቀው አብሮኝ ይቆጥር ነበር።

ጓድ አለሙ አልሳቀም። ተንበርክኮ ከአልጋዬ ሥር ገባ፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አየ፤ ጣሪያውን በዱላ ነካካ። ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣና «ይገርማል» አለ። «ሰው ለመደበቅ የተመቸ ቤት ነው። ከአልጋው ሥር አንድ ሰው ተዘርግቶ ይተኛል። ሰው የለበትም እንጂ።»

«በርቺ» ብሎኝ ወጣ።

ጥሩወርቅ እስኪርቁ ጠብቃ መጣች። ቁጭ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እውነት ማንም አልነበረም?» አለችኝ።

«ማንም።»

«እኔ እኮ አንድ የጭንቅ ሰው አስጠግታ ነው ብዬ፣ በልቤ ሳከብርሽ ከረምሁ። አሣ ላኪልኝ ማለቴን የተውሁትም ለዚያ ነበር።»

ያልሠራሁት ደግ ሥራ ሊያስገድለኝ ደርሶ፣ ባዶ ቤቴ አዳነኝ።

በሳምንቱ ሐኪሙ ክንዴን ጨብጦ «ጤነኛ ነዎት» አለኝ፤ ደስ ያለው እሱ ነው። ለስንዱ የሰጠኋት ምክንያት ሁለት ነበር። ጠባብነቱን ጓድ አለሙ ወሰደው፤ በሽታውን ሐኪሙ።

ከእንግዲህ በቀን አንድ አሣ ይበቃዎታል ተብያለሁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ የምገዛው ሁለት ነው። ሁለተኛው ሲመሽ ለጥሩወርቅ ይሄዳል። እስኪመሽ ድረስ ግን በሩን ሳልቆልፍ፣ ከድኜ አስቀምጠዋለሁ።