አማቴና የእሽቅድምድም ፍሬን

መኪና ማስሮጥ ጀግንነት የሚመስለው ሰው ፍሬን እምቢ ብሎት አያውቅም ማለት ነው! ማስሮጥማ ማንም ያስሮጣል፤ ቤንዚን ካለ እግርን መጫን ብቻ ነው። ችሎታው ማቆሙ ላይ ነው። ከሰሌን ክምር ውስጥ ተጎትቼ የወጣሁ ሰው ነኝና እመኑኝ።

ሰመራ ውስጥ የጎማ ሱቅ አለኝ። በጅቡቲ በኩል የገባች አሮጌ ቀይ የስፖርት መኪናም አለችኝ፤ ባለቤቴ ሉባባ "ጣውንቴ" ነው የምትላት። እኛ የመኪና ፍቅር የያዘን ሰዎች አልፎ አልፎ ፈቃድ አውጥተን፣ አዋሽ ከተማ ዳር ባለ ሰፊ የአስፋልት ግቢ ውስጥ አሮጌ ጎማ ደርድረን እንሽቀዳደማለን። ባለፈው ውድድር እየመራሁ... እየመራሁ ነው ያልኩት፣ ልብ በሉልኝ! ኩርባው ጋ ደርሼ ፍሬን ብረግጥ ፔዳሉ ሰተት ብሎ ወለሉን ነካ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ባዶ! "ያ አላህ!" ብዬ ሳልጨርስ መኪናዋ የጎማውን አጥር ጥሳ፣ ደግነቱ ሻጯ ዞር ያለችበት የሰሌን ክምር ውስጥ ገብታ ቆመች። ከተመልካቹ መሀል አንዱ፣ "ሬሳ ናት እንዴ? በሰሌን ጠቀለላችኋት እኮ!" አለ።

መካኒኬ ኑርዬ ጎማውን ፈትቶ አየና፣ "ዘይቱ ፈልቷል" አለኝ።

"የሞተሩ?"

"የፍሬኑ ነው እንጂ! ደጋግመህ ስትይዝ ግሎ ፈላ። የፈላ ዘይት አረፋ ነው፤ አረፋ ረግጠህ መኪና ይቆማል?"

ከዚያማ ምን ልበላችሁ... ሰፋፊ የፍሬን ዲስክ፣ ዲስኩን ጨምድዶ የሚይዝ ለእሽቅድምድም የተሠራ ፓድ፣ ቶሎ የማይፈላ ዘይት፣ ሁሉንም አስገባሁ። ኑርዬ ሥራውን ሲጨርስ፣ "ይሄ ፓድ ሲቀዘቅዝ በደንብ አይዝም፤ መጀመሪያ ትንሽ መጋል አለበት" ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሰመራ ውስጥ የሚቀዘቅዝ ነገር ካገኛችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ፤ እዚያው ሄጄ ልተኛ! ጩኸቱን ግን አልነገረኝም። ቀስ ብዬ ፍሬን ስነካ "ሲጢ...ጥ!" የሚል ድምፅ ከተማውን ያናውጠዋል። ባጃጆች አምቡላንስ የመጣ መስሏቸው ዳር ይይዙልኛል።

የሚቀጥለው ውድድር ሲደርስ አማቴ እማ ዘምዘም ከደሴ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። አዋሽ ያለችውን እህታቸውን ማየት ፈለጉና አብረን ልንሄድ ተነሣን።

"እናቴን በዚህች መኪና?" አለች ሉባባ።

"ከዚህ በላይ የሚቆም መኪና አፋር ውስጥ የለም!"

"እኛ የምንፈልገው የሚደርስ ነው እንጂ የሚቆም መች ሆነ!"

እማ ዘምዘም ግን "ቢስሚላህ" ብለው ከፊት ገቡ። ሚሌን አልፈን፣ ገዋኔን አልፈን ስንሄድ ከግራር ቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ግመል ብቅ! ከኋላው መንጋው! ሉባባ ከኋላ ወንበር ጮኸች፤ እኔም ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩ። መኪናዋ በሚስማር የተመታች ይመስል ቀጥ አለች። ግመሉ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየንና መንገዱን ቀጠለ። አማቴ ሻሻቸው ዓይናቸው ላይ ወርዷል። አለቀልኝ፣ ከእንግዲህ ደሴ አልረግጥም ብዬ ስጠብቅ፣ ሻሻቸውን ቀና አደረጉና፣

"ሱብሃነላህ!" አሉ። "እስቲ ድገመው!"

"እማዬ!" አለች ሉባባ።

"አንቺ ዝም በይ! ድገመው ልጄ!"

አዋሽ ስንደርስ እህታቸውን ረስተዋታል። ተሳፋሪ መያዝ ይፈቀድ ነበርና "እኔም እገባለሁ" አሉ። አስተናባሪው፣ "እማማ፣ ይፈራሉ" ቢላቸው፣ "ማን? እኔ? በቦርከና ቁልቁለት እህል የጫነ መኪና አናት ላይ ተቀምጬ የወረድኩት?" ብለው ሄልሜቱን በሻሻቸው ላይ ደፉት።

ውድድሩ ተጀመረ። እኔ ግን የሰሌኑ ነገር ከሆዴ አልወጣም፤ ኩርባ ገና ከሩቅ ሲታየኝ እይዛለሁ። ሲጢ...ጥ! አንዱ አለፈኝ። ሲጢ...ጥ! ሌላው አለፈኝ።

"ልጄ፣ ለምንድነው የምትቆመው?"

"ኩርባ ነው እማ!"

"ኩርባውንማ እኔም አየሁት! ነጩም ጥቁሩም መኪና አለፈን እኮ!"

"ፍሬኑ እንዳይግልብኝ ነው..."

"ይጋላ! ለዚህ አይደል የቀየርከው?"

እውነታቸውን ነው! ጥርሴን ነክሼ ነዳጁን ሰጠኋት። ያ የጣለኝ ኩርባ እየቀረበ... እየቀረበ... አማቴ "ገና! ገና!" ይላሉ። "አሁን!" ሲሉ ረገጥኩ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ያዘልኝ! ነጩን በውስጥ በኩል አልፌ ስወጣ ጮክ ብዬ ስቄአለሁ፤ ልጅ ሆኜ እንኳ እንደዚያ መሳቄን እንጃ። ጥቁሩ መስመሩን ቀድሞኝ ረገጠ፣ ይሁንለት። ሁለተኛ ወጣሁ። እማ ዘምዘም ከመኪናው ሳይወርዱ እልልታቸውን አቀለጡት። ሉባባ ዓይኗን የሸፈነችበትን እጅ ያነሳችው ያን ጊዜ ነው።

አማቴ አሁን ደሴ ተመልሰው መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ ትምህርት ጀምረዋል። ትናንት አስተማሪያቸው ደወለልኝ።

"አማትህ ጎበዝ ናቸው" አለኝ እያለከለከ። "ግን ፍሬን ያዙ ባልኳቸው ቁጥር 'ገና! ገና!' ይሉኛል... ማነው እንደዚህ ያስተማራቸው?"